«ታማኝ ሰው ምን ያስመረምረዋል?»

የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ገንዘብ ያዥ ከሞቱ ወራት አልፈዋል፤ ጉዳያቸው ግን እስካሁን ከጠረጴዛዬ አልወረደም። ባለቤታቸው ወረቀት የተጠቀጠቀበት ፌስታል ይዘው ቤታችን መጡና «ልጄ፣ አንቺ ሂሳብ ተምረሻል፤ እስኪ እይልኝ፣ ሰው እያማን ነው» አሉኝ።

ፌስታሉ ውስጥ ያለውን የሙያ ጓደኞቼ ሳልነግራቸውም ይገምቱታል። ማህተም የሌለው የድንኳን ማሰፊያ ደረሰኝ። ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ የተገነጠለ ቅጠል፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ «በርበሬ፣ ዘይት፣ ከሰል» ተብሎ ድምሩ ብቻ የሰፈረበት። ከሁሉ የባሰው የባንክ ደብተሩ ነው። የቅሬው ገንዘብ የተቀመጠው በሰውየው ስም ሲሆን የጡረታ አበላቸውም እዚያው ይገባል። ከወጣው ብር የትኛው ለቀብር፣ የትኛው ለቤት አስቤዛ እንደዋለ የሚለይበት መንገድ የለም። የቀድሞው መዝገብ ደግሞ በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከተማችን ደሴ ስትያዝ፣ ሰው ነፍሱን ይዞ ሲወጣ፣ እቤት ቀርቶ ጠፍቷል። ስለዚህ ሰርቀዋል ማለት አልችልም። አልሰረቁም ብዬ መፈረምም አልችልም። ለራሴ አልሰረቁም ባይ ነኝ፤ የእኔ ግምት ግን ለባለቤታቸው ምን ያደርግላቸዋል?

ነገሩን በጉባኤ ሳነሳው የተሰጠኝ መልስ በየሄድኩበት የምሰማው ነው፦ «እሳቸው እኮ አላህን የሚፈሩ ሰው ነበሩ፤ ታማኝ ሰው ምን ያስመረምረዋል?» በሌላው ሰፈር «እግዜርን የሚፈሩ» ይሆናል እንጂ ንግግሩ አንድ ነው። ሂሳብ ይታይ ያለ ሰው ሌባ ፈላጊ ነው። ወጣት ከሆነ ደግሞ «ትናንት አዝለን ያሳደግናት» ትከተላለች፤ ሴት ስትሆን ምን እንደሚጨመር አልጽፈውም።

መቼም የሰለቸኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሌባማ ደረሰኝ ምን ያደርግለታል? ወረቀት ባይኖር የሚጠቀመው እሱ ነው። ወረቀት ሲጠፋ ባዶ እጁን የሚቀረው ያ ታማኝ የተባለው ሰው ነው። በሕይወት ሳለ «እኔን አትጠራጠሩም» እያለ ይኖራል፤ ሲሞት ግን የሚመሰክርለት አንድ ቁራጭ ወረቀት የለም፣ ሐሜቱ የሚወርደው በልጆቹ ላይ ነው። ሂሳቡ በየዓመቱ ታይቶ፣ በቃለ ጉባኤ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ የእኚህ ሰው ባለቤት ዛሬ ፌስታል አይሸከሙም ነበር። ሐዘኑ ሳይበርድ ከሚያጠያይቁ ይልቅ እሳቸው ሳሉ ቢጠይቁ ምን ነበረበት?

ሁለተኛው መልስ ደግሞ ምስጋና መስሎ ይመጣል፦ «እንግዲያው ተምረሻል፣ አንቺው ያዢው፤ አንቺው መርምሪው።» ሳጥኑንም እስክርቢቶውንም ለአንድ ሰው! ገንዘብ የሚይዝ፣ ወጪ የሚፈቅድና መዝገብ የሚጽፍ የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ የሚባለው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። አንዱ ቢሳሳት ሌላው እንዲያየው ነው። የተመረቀ ሁሉ የማይሳሳት የሚመስላቸው አሉ። የተመረቁ ሰዎች ያበላሹትን መዝገብ ሳስተካክል የምውል ሰው ነኝና ይህን እምነት አልጋራም።

ሴቶቹን ተመልከቱ። የእናቶቻችን ማኅበር ብረት ድስቱን፣ ሰርቪሱን፣ ጭልፋውን ሳይቀር ቆጥሮ ያወጣል፣ ቆጥሮ ይመልሳል። የእያንዳንዱ ዕቃ እጀታ በቀይ ቀለም ተነክቷል። አንድ ጭልፋ ከጎደለ ለቀስተኛው ሳይበተን ይፈለጋል። ይኼ በቢሮ ቋንቋ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22፣ የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኝ መሆኑ ነው፤ ያውም ከብዙ መሥሪያ ቤት በተሻለ። ታዲያ ጭልፋ ተቆጠረብኝ ብላ ያኮረፈች ሴት አላየሁም። ብር ላይ ሲደረስ ነው መቁጠር ነውር የሚሆነው።

«መንግሥት አንድ ነገር ያድርግ» የሚሉም አሉ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም፤ እኔ ደግሞ በበኩሌ ባይነካቸው ደስ ይለኛል። ቅሬ የቆመው በፈቃድ ወረቀት አይደለም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ድንኳን ሥር ተቀምጦ የሚያስተዛዝንበትን ነገር የወረዳ ማመልከቻ ውስጥ ማየት አልፈልግም። ግን ከውጭ ጠያቂ ከሌለ አባሉ ራሱ ካልጠየቀ ማን ይጠይቃል? የእኔ ሙያ ሰዎች እዚህ ላይ ከማንም ይብሳሉ። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ለኩባንያ ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ (አይኤፍአርኤስ) ስንተነትን እንውላለን፤ እሁድ ግን የወር መዋጯችንን ያለ ደረሰኝ ሰጥተን ወደ ቤታችን እንገባለን። ብዙዎቻችን እንዲያውም አንሄድም፣ በአባታችን ስም ይከፈላል። ቅሬ የአባወራ ነው እየተባለ የሰፈሩ ወጣት የሚታየው ድንኳን ሲተከልና ወንበር ሲጫን ብቻ ነው።

ጂዳና ሪያድ ያሉት የሰፈራችን ልጆች እንኳ ከእኛ ይሻላሉ። በሰው ቤት ደክመው ካገኙት ላይ ለወንበር መግዣ ይልካሉ፣ የሚልኩት ግን ወደ ግለሰብ ሂሳብ ነው። ከዚያ «ፎቶ ላኩልን» ይላሉ፤ ተደርድሮ የተነሳ የፕላስቲክ ወንበር ይላክላቸዋል። ፎቶው ወንበር መኖሩን ያሳያል፤ በስንት ብር እንደተገዛ፣ ከማን እንደተገዛ፣ ስንት ብር እንደተረፈ አያሳይም። ይህን ስነግራቸው ቢያንስ «እንዴት እናድርግ?» ብለው ይጠይቃሉ። የሰፈር ሽማግሌ ግን «አብሽሪ» ይለኛል።

አሁን በቅሬው ስም በሦስት ፈራሚ የሚንቀሳቀስ ሂሳብ ተከፍቷል፤ ያውም ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ። የቀረው፣ ወጪ በደረሰኝ እንዲሆን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ገንዘብ የማይነኩ ሁለት አባላት መዝገቡን ከባንክ መግለጫው ጋር አስተያይተው ውጤቱን በጉባኤ እንዲያነቡ ነው። ደረሰኝ ከጉልት ከየት ይመጣል ላሉኝ፣ ሻጯና ሁለት ገዢዎች የፈረሙበት ወረቀት ይበቃኛል ብያለሁ። ሰብሳቢው «ሐምሌ ይግባና እንነጋገርበታለን» አሉ። ሐምሌ ከገባ እኔ የለሁም፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃሉና ራሴን ቀና የማደርግበት ጊዜ አይኖረኝም። ሰኔ ሳያልቅ ይሁን ብዬ ለጸሐፊው በደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብለው እንዲፈርሙልኝ ስጠይቃቸው ቅር አላቸው።