ዓሣው ኦቨን ውስጥ፣ አንቺ ከእንግዶችሽ ጋር

ውድ እህቴ፣ ቅዳሜ ማታ ስምንት ሰው ለራት ጠርተሻል እንበል። ዶሮ ወጥ ካልሽ ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት መክተፍ አለ፤ ጥብስ ካልሽ ደግሞ እንግዶቹ ሳሎን ተቀምጠው አንቺ ምድጃው ሥር ትቆሚያለሽ። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። የአገልጋይ ቤት እንግዳ አያጣም፤ እኔም ሙያዬ ሲመሰገን ደስ ይለኝ እንደ ነበር ሳልደብቅ ልንገርሽ።

አንድ ማታ ባልና ሚስት ከሌሎች እንግዶች ጋር ቤታችን መጡ። ዓሣውን በዱቄት እየለወስኩ፣ በጋለ ዘይት አንድ በአንድ እጠብሳለሁ። እህት ሁለት ጊዜ መጥታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። «ተቀመጪ የኔ እህት፣ አሁን እመጣለሁ» አልኳት። ስጨርስ ሰዓቱ መሽቷል። በሉ፣ ጸለይን፣ ሄዱ። በዚያው ሳምንት ጽንሷ እንደ ወረደባት የሰማሁት ከወር በኋላ፣ ያውም ከሌላ ሰው ነው።

በሉቃስ 10 ስላለችው ማርታ ለእህቶች ስንት ጊዜ አስተምሬ ነበር! እንግዳ መቀበል የምንለው ነገር በአዲስ ኪዳን ግሪክኛ ፊሎክሴኒያ ይባላል፤ እንግዳን መውደድ ማለት ነው። ስለ ወጡ ዓይነት የሚለው የለም።

ከዚያ ወዲህ ዓሣ የማቀርበው ጋግሬ ነው። ለስምንት ሰው አንድ ኪሎ ተኩል አጥንት የሌለው ዓሣ ይበቃል። ቆሮሶ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ከጫሞ የሚመጣው ነጭ ዓሣ ግን ወፈር ስለሚል እኔ እርሱን እመርጣለሁ። ሙሉውን ከገዛሽ ዓይኑ የጠራ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። በሁዳዴ ፈላጊው ስለሚበዛ ቀደም ብለሽ እዘዢ። የሚጾሙ ጎረቤቶች ከጠራሽም ጠይቂያቸው፤ በጾም ዓሣ የሚበላ አለ፣ የማይበላም አለ።

ስምንት መካከለኛ ድንች በስሱ ቆራርጠሽ ለብ ለብ አድርገሽ ቀቅዪ። ይህን አትዝለዪ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ድንች ጊዜ ይፈልጋል። ጥሬውን ከዓሣው ጋር ካስገባሽው ዓሣው ይደርቃል፣ ድንቹም ጥሬ ይቀራል። ፓትራውን ዘይት ቀብተሽ ድንቹን አንጥፊ፤ በላዩ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ክብ ክብ አድርገሽ ደርድሪ፣ ጨው ነስንሺበት። እስከዚህ ያለውን ከሰዓት በኋላ ጨርሰሽ ማስቀመጥ ትችያለሽ።

እንግዶች ሊደርሱ ሲሉ ዓሣውን በተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ በጨው፣ በቁንዶ በርበሬና በሁለት ሎሚ ጭማቂ እሺው። ከግማሽ ሰዓት በላይ አታቆዪው፤ ሎሚው ሥጋውን ያደርቀዋል። አትክልቱ ላይ አስተኝተሽ ዘይት ጠብ አድርጊበት፣ የጥብስ ቅጠል ጣል አድርጊና በፎይል ሸፍኚ። አስቀድሞ 200 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ፎይሉን አንስተሽ 10 ደቂቃ ያህል። በሹካ ስትነኪው ከተላቀቀና መሐሉ ነጭ ከሆነ በስሏል። ከእንጀራም ከዳቦም ጋር ይሄዳል።

መብራት ቢጠፋስ? አትደንግጪ፤ ያንኑ በሰፊ ድስት ደርድረሽ፣ አንድ ስኒ ውሃ ጨምረሽ፣ ከድነሽ በለስላሳ የከሰል እሳት ላይ ጣጂው። ከአንዴም ሁለቴ ደርሶብኛል።

እነዚያን ባልና ሚስት በዓመቱ እንደገና ጠራኋቸው። ፓትራውን አስገብቼ እጄን ታጠብኩና እርሷ አጠገብ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ስለ ሥራዋ አወራን። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ ስለዚያ ጽንስ፣ ስም ሳይቀር አውጥተውለት እንደ ነበር ነገረችኝ። ሰዓቱ እንዳለፈ አውቄአለሁ፤ አልተነሣሁም። ዓሣው ሲወጣ ዳር ዳሩ ደርቆ ነበር። ባሏ ሁለት ጊዜ ጨመረ።