ለተነቀለ ጥርስ ትራማዶል ከመዋጣችሁ በፊት

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «መንጋጋዬን ተነቅዬ ትራማዶል ታዞልኛል፤ ልዋጠው?» ከአዲስ አበባም ይመጣል፣ ከዱባይም ይመጣል፣ እዚሁ ሜሪላንድ ካሉ ወገኖችም ይመጣል። እዚህ ሲሆን የመድኃኒቱ ስም ብቻ ይቀየርና ፐርኮሴት ወይም ሃይድሮኮዶን ይሆናል። ለሁሉም በተናጠል መመለስ ስላልቻልኩ ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። የታዘዘላችሁን መድኃኒት የምትቀይሩት ካዘዘላችሁ ሰው ጋር ተነጋግራችሁ ነው። ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት ግን ማወቅ አለባችሁ።

አቋሜን ላስቀድም። ሌላ በሽታ ለሌለበት አብዛኛው ሰው፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የሚመጣውን ሕመም አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል በሰዓታቸው አብረው ሲወሰዱ ከኦፒዮይድ ባልተናነሰ፣ ብዙ ጊዜም በተሻለ ያስታግሱታል። ኦፒዮይድ የምለው ከሞርፊን ወገን የሆኑትን ነው፤ ኮዴይን፣ ትራማዶል፣ ሃይድሮኮዶን፣ ፐርኮሴት ውስጥ ያለው ኦክሲኮዶን።

ምክንያቱ የሕመሙ ምንጭ ላይ ነው። ጥርስ ሲነቀል፣ በተለይ ድድ ተከፍቶ አጥንት ተቦርቡሮ የሚወጣ መንጋጋ ሲሆን፣ የቆሰለው ቦታ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። እብጠቱም ሆነ ያ እንደ ልብ ትርታ የሚመታው ሕመም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። አይቡፕሮፌን ይህ ንጥረ ነገር እንዳይመረት እዚያው ቁስሉ ላይ ያግዳል። ፓራሲታሞል ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ላይ ስለሆነ ሁለቱ ሲደመሩ ይረዳዳሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ሥራ አይደግምም። ኦፒዮይድ እብጠቱን አይነካውም። አንጎል ሕመሙን የሚሰማበትን መንገድ ያደነዝዛል፤ አብሮትም ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና የሆድ ድርቀት ይመጣል። አፉ ተሰፍቶ ለተኛ ሰው ማስመለስ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ታናሽ እህቴ የታች መንጋጋዎቿን የተነቀለች ቀን ከክሊኒኩ ያወጣኋት እኔ ነበርኩ። ከንፈሯ ደንዝዞ፣ ፋሻ ነክሳ መናገር ስላቃታት ስልኳ ላይ እየጻፈች ነበር የምታወራኝ። «ምንም አላመመኝም፤ ለምን እውጣለሁ?» አለችኝ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ማደንዘዣው እስኪለቅ የጠበቀ ሰው ክኒኑ እስኪሠራለት ድረስ ይሰቃያል፤ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ነው «ጠንከር ያለ» የሚፈለገው። ፋሻው ከወጣ በኋላ ትንሽ እርጎ አስቀምሼ የመጀመሪያውን መጠን ከንፈሯ ገና እንደደነዘዘ ሰጠኋት። የፍሪጁ በር ላይ ወረቀት ለጠፍን፤ በየስድስት ሰዓቱ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ጋር። የዋጠችውን በእስክሪብቶ ትሰርዛለች። ለሌሊቱ ደወል ሞላን፤ ሌሊት የተዘለለ ክኒን ጠዋት በሕመም ነው የሚቀሰቅሰው። እብጠት የሚብሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ስለሆነ እስከዚያ ድረስ በሰዓት፣ ከዚያ ወዲያ ሲያማት ብቻ ወሰደች። የታዘዘላትን ኦክሲኮዶን ከፋርማሲ አላወጣነውም።

ስለ መጠኑ አንድ ማሳሰቢያ። ከላይ ባልኩት አወሳሰድ አይቡፕሮፌኑ በቀን 1600 ሚሊ ግራም ይደርሳል። አሜሪካ ያለ ትዕዛዝ በሚሸጠው ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ጣሪያ 1200 ነው፤ ከዚያ ማለፍ ያለባችሁ የጥርስ ሐኪሙ አውቆት ነው። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በቀን በጠቅላላው ከ4000 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም፤ ጉበቱ ለታመመ ወይም አዘውትሮ ለሚጠጣ ሰው ከዚያም ያንሳል። የጉንፋን መድኃኒቶችና ራሱ ፐርኮሴት ውስጥም ፓራሲታሞል አለ፤ ሳታውቁት ይደራረባል።

ይህ የእኔ ፍልስፍና አይደለም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ለአዋቂዎችና ለታዳጊዎች ባወጣው መመሪያ የመጀመሪያ ምርጫ ያደረገው አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉትን፣ ለብቻ ወይም ከፓራሲታሞል ጋር ነው። በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የተመራው ጥናት ደግሞ መንጋጋ ጥርሳቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወጡ ከ1800 በላይ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን ሃይድሮኮዶን ከፓራሲታሞል ጋር፣ ለሌላው አይቡፕሮፌን ከፓራሲታሞል ጋር ሰጠ። ሕመሙ በሚከፋበት በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ኦፒዮይድ ያልወሰዱት ያነሰ ሕመም ነበራቸው፤ እንቅልፋቸውም የተሻለ ነበር።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ በአማርኛ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው። ኮዴይን በራሱ ሕመም የማስታገስ አቅሙ ደካማ ነው። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው የሚሠራው። ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም ከራሱ በብዙ ወደሚበረታ ሌላ ነገር ይለወጣል። አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ይህን ኢንዛይም የሚያሠራውን ዘረ መል ከእናትና ከአባት አንድ አንድ ይወርሳል። አንዳንድ ሰው ግን ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቅጂ ይኖረዋል፤ እሱ ጋ የተለመደው መጠን በፍጥነት ብዙ ሞርፊን ይሆናል። በካሮሊንስካ ተቋም የምትሠራው ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ዘረ መል ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። በሰሜን አውሮፓ ቁጥሩ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ስለ ኮዴይን ባወጣው ማስጠንቀቂያ ኢትዮጵያውያንን በስም ጠቅሷል።

ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ሁሉ አደጋ ይደርስበታል ማለት አይደለም። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ውስጥ ለአንዱ ምንም ያላደረገው ክኒን ሌላውን ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ሊከተው፣ ትንፋሹን ሊያዘገየው ይችላል፤ ማን የትኛው እንደሆነ ደግሞ ሳይመረመር አይታወቅም። ይኸው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንንም ትራማዶልንም ሕመም ለማስታገስ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከልክሏል፤ የምታጠባ እናትም እንዳትወስዳቸው መክሯል። ኦክሲኮዶንና ሃይድሮኮዶን በዚህ ኢንዛይም ላይ ያን ያህል ስለማይመሠረቱ ይህ ጉዳይ እነሱን እምብዛም አይመለከትም። የእነሱ ችግር ሱስ ነው። ትራማዶልም ቢሆን ከሱስ ነጻ አይደለም፤ በዚያ ላይ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥለው፣ ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋርም ክፉኛ ሊጋጭ ይችላል።

አንድ እናት ጉንጩ ያበጠ ጎረምሳ ልጃቸውን ይዘው ወደምሠራበት ፋርማሲ መጥተው ነበር። አይቡፕሮፌኑን ሳሳያቸው «ልጄ፣ ይሄማ የራስ ምታት መድኃኒት ነው፤ ጠንካራውን ስጠው እንጂ» አሉኝ። «እናቴ፣ ለዚህ እብጠት ጠንካራው ይሄ ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። አልፈርድባቸውም፤ ልጃቸው እያቃሰተ ርካሽ ነገር የተሰጣቸው መስሎ ይሰማቸዋል። እንዲያውም ኦፒዮይድን ከአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ማራቅ ከሁሉም በላይ አስፈላጊ ነው። ብዙ የአሜሪካ ወጣት ኦፒዮይድን መጀመሪያ የሚያውቀው መንጋጋውን ሲነቀል ነው።

አይቡፕሮፌን ለሁሉም አይሆንም። የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ ኩላሊቱ የታመመ፣ የልብ ድካም ያለበት፣ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ አስፕሪን አስም የሚቀሰቅስበት፣ ከ20 ሳምንት ያለፈ እርግዝና ያላት፣ እነዚህ ሁሉ ሳይጠይቁ አይውሰዱት። ለእነሱ ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ብቻውን ይሰጣል፤ ሐኪሙም ቡፒቫኬንን የመሰለ ረጅም ሰዓት የሚቆይ ማደንዘዣ ሊወጋላቸው ይችላል። ከመነቀላችሁ በፊት ጠይቁ። አገር ቤት ደግሞ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አብረው ሲዋጡ አያለሁ። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱን መደራረብ ማስታገሻውን ሳይጨምር ጨጓራና ኩላሊትን ይጎዳል። አሞክሲሲሊንም የሕመም ማስታገሻ አይደለም።

ጾም ላይ ላላችሁ፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ፣ ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ጾሞ አይቡፕሮፌን መዋጥ ለጨጓራ ጥሩ አይደለም፤ የስድስት ሰዓቱ ልዩነትም ይበላሻል። ቀጠሮው ሊዘገይ የሚችል ከሆነ ከጾሙ በኋላ አድርጉት። ካልሆነ የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማማችሁን አነጋግሩ፤ ለሕመምተኛ በሁለቱም እምነት መንገድ አለው።

የመጀመሪያውን ቀን ጉንጭ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ እየያዙ ማንሳት፣ ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ ከማግስቱ ጀምሮ ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ ብሎ መጉመጥመጥ ይረዳል። ትኩስ ቡናና በርበሬ ይቆዩ። ሲጋራ፣ ሺሻ፣ ጫት፣ በስትሮ መምጠጥ ደግሞ ቁስሉን የሸፈነውን የረጋ ደም ሊያነቅሉት ይችላሉ። ያ ደም ከወጣ አጥንቱ ይገለጣል፤ ድራይ ሶኬት ይሉታል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ እየቀለለ የነበረ ሕመም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ግድም እንደገና ይነሳል፣ ወደ ጆሮ ይሄዳል፣ አፍ ይሸታል። ይሄኔ ክኒን መጨመር ሳይሆን ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው። ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ሲያስቀምጥበት ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይቀንሳል። ትኩሳት፣ የሚጨምር እብጠት፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ኦፒዮይድ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ቀዶ ሕክምናው ሰፊ ሲሆን ወይም አይቡፕሮፌን የማይፈቀድለት ሰው በፓራሲታሞል ብቻ ካልቻለ። ያኔም በትንሹ መጠን፣ ከሁለት ሦስት ቀን ላልበለጠ ጊዜ፣ ያለ አልኮልና ያለ እንቅልፍ መድኃኒት ይሁን። የተረፈውን ክኒን አገር ቤት ለሚያመው ዘመድ ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፤ ስለ ዘረ መሉ ከላይ የጻፍኩት የሚመለከተው እሱንም ነው። አሜሪካ ያላችሁ በየፋርማሲው ካለው የመመለሻ ሣጥን ክተቱት፤ ሣጥን ካላገኛችሁ ኦክሲኮዶንና ሃይድሮኮዶን ሽንት ቤት ተደፍተው ውኃ እንዲለቀቅባቸው ተፈቅዷል።