ትእምርት በልብ ወለድ

በአሰላ ከተማ ቆሞ ወደ ጭላሎ ተራራ የሚመለከት ሰው፣ ጫፉን ጥቁር ደመና ሲጭነው ዝናብ መቅረቡን ይገምታል። ደመናው የዝናብ ምልክት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና የተፈጥሮ ነው እንጂ ሰዎች የፈጠሩት አይደለም።

በዚያው በአርሲ ደጋ ሌላ ዓይነት ምልክትም ይገኛል። የአርሲ ኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የምትባል ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ሲንቄ በመልኳ ተራ እንጨት ናት፤ የጦር መሣሪያ አይደለችም። ይሁን እንጂ ሁለት ወገኖች ተጣልተው ሊጋደሉ ሲሉ ያገቡ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ቢቆሙ፣ በባህሉ መሠረት ጠቡ መቆም አለበት። ጠበኞቹን የሚገታቸው የእንጨቱ ጥንካሬ ሳይሆን ኅብረተሰቡ በእንጨቱ ላይ ያሳደረው የሴት ክብርና የሰላም ትርጉም ነው። እንዲህ ራሱን እንደ ሆነ ከራሱ የሰፋ ሐሳብ የሚሸከም ነገር ትእምርት ይባላል።

ትእምርት ከተነጻጻሪና ከተለዋጭ ዘይቤ ይለያል። «ልጁ እንደ አንበሳ ነው» ወይም «ልጁ አንበሳ ነው» ስንል በቦታው አንበሳ የለም፤ የተጠራው ለማነጻጸር ብቻ ነው። ትእምርት የሆነው ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ በእውን አለ፤ ይታያል፤ ይዳሰሳል።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንመልከት። በዛብህ የድሃ ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌል ደግሞ በዘሩ የሚኮራው የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። በዛብህ ሊያስተምራት ገብቶ ይዋደዳሉ። ሆኖም የዘር ክብር በአንድ በኩል፣ ወላጆቹ ስለ እርሱ የተሳሉት ስእለት በሌላ በኩል ይለያዩአቸዋል።

በመጽሐፉ ርእስ ላይ «መቃብር» የሚለው ቃል በመጀመሪያ ሲነበብ የጊዜ ወሰን ብቻ ይመስላል፤ «እስከ ሞት ድረስ» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ ሲፈጸም ግን በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሳ በአንድ መቃብር ያርፋሉ። ያን ጊዜ ቃሉ ሌላ ትርጉም ይደርባል። በሕይወት ሳሉ ትውልድና ማዕረግ የለያያቸው ሰዎች በእኩልነት የተገናኙበት ብቸኛ ስፍራ መቃብር ሆነ። ደራሲው «ይህ ሥርዓት ሰውን ከሰው ይለያል» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ አንባቢ ሰምቶ ያልፈው ነበር። መቃብሩ ግን «በሕይወት ሳሉ ለምን አልተገናኙም?» የሚለውን ጥያቄ አንባቢው ራሱ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል።

«ጉዱ» የሚለው ቅጽል ስምም እንዲሁ ነው። ካሳ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ሲሆን፣ ልማድን ስለሚነቅፍ ሰዎች እንደ እብድ ይቆጥሩታል። ነገር ግን የዘመኑን ጉድለት አጥርቶ የሚያየው እርሱ ነው። ስለዚህ ቅጽል ስሙ ከተሰየመው ሰው ይልቅ የሰያሚዎቹን ዕውርነት ያጋልጣል።

ተማሪዎች ልብ ማለት የሚገባችሁ፣ በልብ ወለድ ውስጥ የተጠቀሰ ነገር ሁሉ ትእምርት አለመሆኑን ነው። አንድን ነገር ትእምርት ነው ከማለታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። ነገሩ ተደጋግሞ ወይም በታሪኩ ወሳኝ ስፍራ ይገኛልን? ከገጸ ባሕርያቱ ዕድል ጋር የተያያዘ ነውን? የሰጣችሁትን ትርጉም የታሪኩ ሌሎች ክፍሎች ይደግፉታልን? ለእነዚህ ማስረጃ ካልተገኘ ትርጉሙ የአንባቢው ግምት ብቻ ይሆናል።

መልመጃ

1. ምልክትንና ትእምርትን በምሳሌ አስደግፋችሁ ለዩ።

2. በአካባቢያችሁ ባህል እንደ ሲንቄ ትርጉም የተሸከመ አንድ ዕቃ መርጣችሁ፣ ትርጉሙን ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።

3. ያንኑ ዕቃ በአንድ አጭር ታሪክ ውስጥ አስገቡ፤ ትርጉሙን ግን በቀጥታ አትናገሩ።