የክረምት ሠርግ ፎቶ አንሺ

ሠርግ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ጥርን ነው። እህሉ ገብቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ መንገዱ ደርቋል። የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ይድራል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ግንቦት አለለት። ክረምቱን የሰኔ ጾምና ፍልሰታ ይሻሙታል። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ከሚሴና ሰንበቴ ላይ ግን ይህ ስሌት አይሠራም። ነዋሪው በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ሠርጉም ረመዳንን አሳልፎ ወይም አረፋን ተጠግቶ ይደገሳል። አረፋ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ወቅቱን ሁሉ ይዞራል። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ 15፣ በ2011 ነሐሴ 5፣ በ2014 ሐምሌ 2 ቀን ዋለ። ከሳዑዲ በእረፍት የመጣ ሙሽራም ፈቃዱ ከማለቁ በፊት ኒካሑን ማሰር አለበት፤ ዝናቡ እስኪያባራ አሠሪው አይጠብቀውም። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ሠርግ አንሥቶ መኖር የሚፈልግ ሰው ክረምትን መልመድ ግድ ይለዋል።

የክረምት ሥራ የሚጀምረው ገና መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከደብረ ብርሃን ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰው ጣርማ በርን ያቋርጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በሐምሌ ጉም የመኪናውን መብራት ይውጠዋል። ከዚያ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ሸዋሮቢትን አልፎ ሰንበቴ ሲደርስ ቆላ ገብቷል። ከሚሴ ራሷ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አየሩ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ሌንሱ ግን የደጋውን ብርድ እንደያዘ ነው። ቦርሳው ወዲያው ከተከፈተ መስተዋቱ ላይ ላብ ይወጣል፤ ቢጠርጉት ተመልሶ ይሸፈናል። ልምድ ያለው ሰው ካሜራውን ከነቦርሳው በአፉ በታሰረ ፌስታል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ጤዛው በፌስታሉ ላይ ይቀራል፣ ዕቃው ቀስ ብሎ ይሞቃል። ሙሽራው ሊወጣ ነው እየተባለ ያንን ግማሽ ሰዓት በትዕግሥት መጠበቅ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ቀደም ብሎ ይደርሳል፤ የሚችል ደግሞ ዋዜማውን እዚያው ያድራል።

ስለ ብርሃኑ ሲወራ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ክረምት ፎቶ ያበላሻል ይላሉ። እኔ በተቃራኒው ነው የማምነው። ቀትር ላይ የጠራ ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ ብርሃን ይሰጣል፤ ያ ብርሃን ከአናት ወርዶ የዓይን ጉድጓድን ያጨልማል፣ ግንባርን ያብለጨልጫል፣ ነጩን ቬሎ ያነጣዋል። ደመና ሲሸፍነው ወደ 10,000፣ ዝናብ ሲያዝል ደግሞ ወደ 1,000 ይወርዳል፤ ግን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይመጣል። ጠይም ፊት ከነጭ ልብስ ጋር በአንድ ፎቶ ውስጥ ተስማምቶ የሚወጣው በእንዲህ ያለ ብርሃን ነው። ለእኛ ፊት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በፊልሙ ዘመን ፎቶ አጣቢ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልከው የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ካርዱ «ሸርሊ» ይባል ነበር። ጥቁር ሰው ከዚያ መለኪያ ውጭ ስለነበር ፊቱ ብዙ ጊዜ ዝርዝሩን አጥቶ ጠቁሮ ይታተም ነበር። የዛሬው ዲጂታል ካሜራ ብዙ ቢሻሻልም የብርሃኑ ልስላሴ አሁንም ትልቁን ሥራ ይሠራል። የነሐሴ ደመና ያንን በነጻ ይሰጣል። ከሙሽሮቹ ጀርባ ደግሞ ከሰው ቁመት ሊያልፍ የደረሰ አረንጓዴ ማሽላ አለ፤ በጥር ይህ ሁሉ አገዳ ብቻ ነው።

የካሜራው መለኪያ ግን ይታለላል። ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ነጭ የለበሰች ሙሽራ ስትሞላው ያጨልማታል። አውሮፓ ውስጥ በበረዶ ላይ ሠርግ የሚያነሡም ይኸው ችግር አለባቸው፤ በረዷቸው አመድ መስሎ ይወጣል። መፍትሔው አንድ ነው፤ መለኪያው ካለው ላይ አንድ ስቶፕ ያህል መጨመርና የፊቱን መልክ በዓይን ማረጋገጥ። እነሱን በተጨማሪ ብርዱ ባትሪ ይጨርስባቸዋል። እዚህ ባትሪ የሚያልቀው መብራት ጠፍቶ ሳይሞላ ስለሚታደር ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት መለዋወጫ ተሞልቶ ይያዛል።

ዝናቡ ሲመጣ ሁሉም ወደ ዳሱ ይገባል፤ የፎቶ አንሺው እውነተኛ ፈተናም እዚያ ነው። የዳሱ ጎን በሸራ ይዘጋል፣ ውስጡ ይጨልማል። ሸራው ሰማያዊ ከሆነ የእንግዳው ፊት ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል፣ ቢጫ ከሆነ ቢጫ። በኮምፒውተር አርመዋለሁ የሚል አለ፤ አንድ ፊት በሸራው፣ ሌላው በአምፖል፣ ሦስተኛው በፍላሽ ከበራ ግን ሦስቱን ባንዴ ማረም አይቻልም። ከዚህ ይልቅ በነፋሱ ተቃራኒ ያለውን አንድ ጎን ሸራ ከፍ አድርጎ ማሰር ይሻላል። ሙሽራዋ ወደ ክፍቱ ፊቷን አዙራ ትቀመጣለች፤ ነጩ የሰማይ ብርሃን ፊቷ ላይ ያርፋል፣ ከኋላዋ ያለው ሰማያዊ ጥላም የፎቶው ጀርባ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ የሸራውን ገመድ የሚያስር ጎረምሳ ማግኘትና የቤቱን ሰው ማስፈቀድ ብቻ ይበቃል።

ፈቃድ በሌላም በኩል ይፈለጋል። በብዙ ቤት ሴቶቹ ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ እዚያ የምታነሣው ሴት ፎቶ አንሺ ነች፣ ወይም ጭራሽ አይነሣም። በበጋ ሁለት ሰፊ ዳስ ይጣላል። በክረምት ዶፍ ሲወርድ ግን ሰው ተጠጋግቶ ወደ አንድ ጣሪያ ይሰበሰባል፣ ወሰኑም ይደበላለቃል። ያኔ ካሜራውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ ልግባ ወይስ ልጠብቅ?» ብሎ ታላቂቱን መጠየቅ ከማንኛውም ሌንስ ይበልጣል። ጠብቅ ከተባለ ይጠበቃል።

ዝናቡን ራሱን ማንሣት የሚፈልጉ ሙሽሮችም አሉ። ጠብታ ከፊት በሚመታ ፍላሽ ካሜራው አጠገብ እንደ ነጭ ኳስ ያብጣል፣ ፊት ይሸፍናል። ፍላሹ ከሙሽሮቹ ጀርባ መሬት ላይ ከተቀመጠና ወደ ካሜራው ከበራ ግን እያንዳንዱ ጠብታ በጥቁሩ ማሽላ ላይ ያበራል። ያለ ፍላሽ ከሆነ ደግሞ ሸተሩ በ500ኛ ሰከንድ ሲሆን ጠብታው የቆመ ያህል ይታያል፤ በ60ኛ ሰከንድ ወደ ክር ይለወጣል። እኔ ክሩን እመርጣለሁ፤ ዝናብ መሆኑን ማንም አይስተውም። ጃንጥላው ግልጽ ወይም ነጭ ይሁን፤ ቀይ ጃንጥላ ፊትን ቀይ ያደርጋል።

በዚህ አገር ሰማዩን ብቻ ሳይሆን ወደ ምዕራብ ያለውን ተራራም ማየት ያስፈልጋል። ሰንበቴ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ወንዞቹን ሞልቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሙሽሮቹን ለፎቶ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ማቆም በሐምሌ አይሞከርም፤ ደራሽ ውሃ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ የውጭው ፎቶ በጠዋት ያልቃል። ቀኑ እሑድ ከሆነ ደግሞ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው የሚገናኝበት የሰንበቴ ገበያ ዋናውን መንገድ ስለሚሞላው አጀቡ ከገበያው በፊት ማለፍ አለበት። ዳሱ ደጃፍ ላይ ጎረቤት በጭቃው ላይ ገለባ ይጎዘጉዛል፤ ሚዜዎቹ የቬሎውን ጫፍ በአራት እጅ አንሥተው ያልፋሉ። አልበም ውስጥ መግባት ያለበት ይህ ነው። ጭቃውን ከፎቶው ቆርጦ የሚያወጣ ሰው ጎረቤቱ ያደረገውንም ቆርጦ ያወጣዋል።

ማታ ሁለት ሥራ ይቀራል። ኔትወርክ ካለ ጥቂት ፎቶዎች በዚያው ሌሊት ወደ ጅዳና ሪያድ ይላካሉ፤ እዚያ ያለች እህት የወንድሟን ሠርግ የምታየው በስልኳ ነው። ሁለተኛው ማድረቅ ነው። ሌንስ እርጥብ እንደሆነ ተዘግቶ ጨለማ ቦርሳ ውስጥ ሳምንታት ከከረመ ውስጡ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታውም የመስተዋቱን ሽፋን ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ማጽዳት ሁልጊዜ አያድነውም። ዕቃው በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ በክፍት አየር ያድራል፣ ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ከምትገኘው የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጥቂት ተጨምሮበት ይቀመጣል። ከረጢቶቹ ርጥበት ሲጠግቡ መምጠጥ ስለሚያቆሙ በየጊዜው በአዲስ ይተካሉ።