ጽጌረዳን ያለ ኬሚካል በጓሯችን

የጽጌረዳ ውኃ ለሙስሊሙ ቤት እንግዳ አይደለም። ካዕባ ሲታጠብ ከዘምዘም ጋር ይደባለቃል፤ የጣኢፍ ከተማም በጽጌረዳዋ ትታወቃለች። አበባውን በሻይ ላይ ጣል የሚያደርጉም ብዙዎች ናቸው።

ነገር ግን ከአበባ መሸጫ የተገዛ ጽጌረዳ ለዓይን እንጂ ለአፍ አይደለም። ለገበያ የሚለማ አበባ ፀረ ተባይና ፀረ ፈንገስ ኬሚካል ይረጭበታል፤ ኬሚካሉ ሲመረጥ አበባው እንደሚበላ አይታሰብም። ማጠብ ብቻውንም አያጠራውም። መፍትሔው በጓሮ ማልማት ነው።

ቦታ፦ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውኃ የማይተኛበት ይሁን።

አፈር፦ 40 ሳ.ሜ. ያህል ቆፍራችሁ አፈሩን በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጋር ደባልቁ። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል።

ውኃ፦ ጠዋት ከግንዱ ሥር አጠጡ። ቅጠሉ ረጥቦ ካደረ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣው ፈንገስ ይራባል። የታመመ ቅጠል ለቅማችሁ ከግቢ አስወግዱ።

ተባይ፦ ለጋው ጫፍ ላይ ክሽክሽ ካያችሁ በእጅ ጥረጉት ወይም በውኃ ግፊት እጠቡት። ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ አትግደሏት፤ ክሽክሹን የምትበላላችሁ እሷ ናት።

አጠቃቀም፦ የተገዛ ችግኝ ቀድሞ ተረጭቶ ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያ አበቦቹን አትመገቡ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ ቀንጥሳችሁ፣ መራራውን ነጭ ጫፍ ቆርጣችሁ፣ አጥባችሁ በጥላ አድርቁ።

ሙስሊም ከተከለው ሰውም ሆነ ወፍ ቢመገብ ሶደቃ እንደሚሆንለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ሶደቃችንን ከመርዝ እንጠብቅ።