እሳት የማይረታው ብረት

«ብረት የሚቀጠቀጠው እንደ ጋለ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ይህንም ያወቀው ከሥራው ነው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በየእሑዱ በሚገናኙበት በሰንበቴ ገበያ ማጭድ ወይም ቢላዋ የሚገዛ ሁሉ፣ ዕቃው በወናፍ በተናፋ ከሰል ግሎ በመዶሻ እየተመታ ቅርጽ ማግኘቱን አይስተውም። ብረት ቀዝቅዞ ሳለ እንቢተኛ ነው፤ ሲግል ግን ይታዘዛል።

ለባለ እጁ በረከት የሆነው ይህ ጠባይ ግን የአቶም ምድጃ ለሚሠራው መሐንዲስ ትልቅ ጠላት ነው። ምክንያቱን ባጭሩ እንገልጻለን።

ዛሬ በዓለም ከሚሠሩት የአቶም ኃይል ማመንጫዎች አብዛኞቹ የሚቀዘቅዙት በውሃ ነው፤ የውሃውም ሙቀት ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ አያልፍም። አዳዲሶቹ ምድጃዎች ግን በውሃ ፈንታ የቀለጠ ሶዲየም፣ የቀለጠ ጨው ወይም ሂሊየም የተባለውን ጋዝ ይጠቀማሉ፤ ሙቀታቸውም እንደየዓይነታቸው ከ500 እስከ 950 ዲግሪ እንዲደርስ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በቻይና በሺዳኦ የባሕር ወሽመጥ መደበኛ ሥራውን የጀመረው ማመንጫ ሂሊየሙን እስከ 750 ዲግሪ ያግላል። ሙቀቱ በላቀ መጠን ከዚያው ከአንዱ ማገዶ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ይበዛል፤ ለፋብሪካዎችም የሚሆን ግለት ይገኛል።

«ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ አይደለምን? ታዲያ ምን ያሰጋል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ብረት ከመቅለጡ አስቀድሞ ይደክማል። ሸክም እንደ ተጫነበት ለብዙ ዓመታት ሲግል በዓይን በማይታይ ዝግታ እየተሳበ ይሄድና በመጨረሻ ይሰነጠቃል። በዚህ ላይ ከአቶም መሰንጠቅ የሚወጡት ኒውትሮኖች የብረቱን አቶሞች ከቦታቸው እያፈናቀሉ ያሳብጡታል፤ ተሰባሪም ያደርጉታል። የቀለጠው ጨው ደግሞ ክሮሚየሙን ከውስጡ እየመጠጠ ይበላዋል።

መድኃኒቱ ቅይጥ ነው። በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ሊቃውንት ኒኬልን ከሞሊብዲነምና ከጥቂት ክሮሚየም ጋር ቀይጠው፣ በዚሁ ብረት የተሠራ የቀለጠ ጨው ምድጃ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1969 አንቀሳቅሰዋል። ኋላ ሲመረመር ግን ገጹ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ተገኙ፤ ጠንቁም ከዩራኒየም መሰንጠቅ የሚወለደው ቴሉሪየም ሆነ። «617» የተባለው የኒኬል፣ የክሮሚየም፣ የኮባልትና የሞሊብዲነም ቅይጥም ቢሆን ለእንዲህ ያለው ምድጃ የተፈቀደው፣ በአይዳሆ ብሔራዊ ላቦራቶሪ መሪነት 12 ዓመት ያህል ከተደከመበት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 እንደ ተገለጸው፣ እስከ 950 ዲግሪ ድረስ ለ100,000 ሰዓት፣ ማለት ከ11 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ እንዲያገለግል ተፈቅዷል። ከዚህ የምንማረው ቅይጥን መፍጠር ግማሽ ሥራ መሆኑን ነው፤ ሌላው ግማሽ ትዕግሥት ያለው ፈተና ነው።

ይህ ነገር እኛን ምን ያገባናል? ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላም መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. አገራችን ከሩሲያው ሮስአቶም ጋር ስለ አቶም ኃይል ማመንጫ ግንባታ የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈራረመች። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በኑክሊየር ሪአክተር ቴክኖሎጂ የሚመራመር ማዕከል አለው። ምድጃ ከውጭ ሊገዛ ይችላል፤ ስንጥቁን ቀድሞ የሚያይ፣ የቧንቧውን ዕድሜ የሚቈጥርና ጊዜው ሲደርስ «ይብቃ» የሚል ባለሙያ ግን ከገበያ አይገዛም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ይሁን እንጂ ከመዶሻው ወንበሩን የምናስቀድም ዛሬም ብዙዎች ነን። የብረትን ጠባይ መመርመር የክብር ሙያ መሆኑን ተማሪው ይወቅ፤ ወጣቱ ሹምም ለቤተ ሙከራ የሚሆን በጀት ሲጠየቅ፣ ፍሬው በዓመት ውስጥ አልታየም ብሎ አይከልክል። ብረት የሚፈተነው በዓመታት ነውና።