በጁባ ለቤተ ሰብ ግቢ የሚሆን የመዋኛ ገንዳ ስለ መምረጥ

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ የሚነግድ አንድ ወዳጄ ባለፈው ሰሞን አንድ ጥቅል ወረቀት ላከልኝ። ወረቀቱ ከመሬት በላይ የሚቆም የመዋኛ ገንዳ መመሪያ ሲሆን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። «እንጀራህ ትርጉም ነውና ይህን ወደ አማርኛ መልስልኝ፤ ከዚያም ከሦስቱ መጠን የትኛውን ብገዛ እንደሚሻል ምከረኝ» የሚል አጭር ደብዳቤም ተያይዞበታል። ይህ ወዳጄ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ የመጨረሻው ልጁ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። መልሱን በደብዳቤ ልኬለታለሁ። ነገር ግን ከ2005 የሰላም ስምምነት ወዲህ፥ ይልቁንም ከ2011 ነጻነት በኋላ፥ ብዙ የአገራችን ሰዎች በዚያች ከተማ ሆቴልና ሱቅ፥ ምግብ ቤትና የውሃ ቦቴ ይዘው ስለሚኖሩ፥ ነገሩ ለሌሎችም ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እዚህ አሰፋሁት። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ለአንዳንድ አንባቢ የቅንጦት ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል፤ እኔም በመጀመሪያ እንደዚሁ አስቤ ነበር። ሆኖም ጁባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን አምስት ዲግሪ በማይሞላ ርቀት የተቀመጠች ቆላ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት እስከ 37 እና 38 ዲግሪ ይደርሳል። የልጆች ዓይን ወደ ወንዙ ነው። ነጭ ዓባይ ግን በዚያ ስፍራ ኃይለኛ ፈሳሽ ነው፥ አዞም አይጠፋበትም። እንግዲህ ልጁ ወደ ወንዝ እንዳይወርድበት የሚፈልግ አባት በግቢው ጥቂት ውሃ ቢያኖርለት የሚነቀፍ አይደለም። ተቈፍሮ በሲሚንቶ የሚሠራውን፥ ጣልያኖች ፒሺና የሚሉትን ገንዳ እንዳያስብ የሚከለክለው ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ ግቢው የኪራይ ነው። የኪራዩ ውል ባለቀ ጊዜ ሲሚንቶው ለባለ ርስቱ ይቀራል፤ በብረት አጥንትና በላስቲክ ሸራ የሚቆመው ገንዳ ግን ተፈትቶ፥ ተጠቅልሎ፥ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

ወዳጄ ከሁሉ የሚበልጠውን፥ ማለት ወርዱ 5 ሜትር ከ49፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ22 የሆነውን መርጦ ነበር። የጠየቀኝም የገንዳውን ዋጋ ብቻ እያሰበ ነው። እኔ የመለስሁለት ግን ስለ ውሃው ነው፤ በጁባ ገንዳ የሚገዛ ሰው በእርግጥ የሚገዛው ውሃ ነውና። የከተማይቱ የቧንቧ መሥመር ለብዙው ሕዝብ አይደርስም። አብዛኛው ቤት የሚጠጣው ከዓባይ ዳር በፓምፕ ተስቦ በቦቴ የሚዞረውን ውሃ፥ ወይም የጉድጓድ ውሃ ነው። ቦቴው ግቢ ገብቶ በርሜሉንና ታንከሩን ይሞላል፤ አቅም ያነሰው ደግሞ በጀሪካን ይገዛል። በጐንደር የዐፄ ፋሲልን መዋኛ ለጥምቀት የሚሞሉት ሰዎች የቀሃን ወንዝ መለስ ማድረግ ብቻ ይበቃቸዋል፤ የጁባው ሰው ግን እያንዳንዱን ሊትር በገንዘብ ይገዛል።

ስለዚህ ቍጥሩን እንመልከት። ውሃው ከገንዳው ጠርዝ ዝቅ ብሎ ስለሚቆም፥ ወርዱ 5 ሜትር ከ49 የሆነው ገንዳ 24,300 ሊትር ያህል ይይዛል። ወርዱ 4 ሜትር ከ57፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ22 የሆነው 16,800 ሊትር ይይዛል። ወርዱ 3 ሜትር ከ66፥ ቁመቱ 76 ሳንቲሜትር የሆነው 6,500 ሊትር ገደማ ይይዛል። በ20 ሊትር ጀሪካን ሲመነዘር የመካከለኛው 840 ጀሪካን፥ የትንሹ 325 ጀሪካን ነው። በስደተኞች ሰፈር ለአንድ ሰው በቀን ሊደርሰው ይገባል ተብሎ የተቈረጠው ዝቅተኛው ልክ 15 ሊትር ነው፤ በዚህ ልክ ሲታሰብ የመካከለኛው ገንዳ አንድ ሙሌት ሰባት ነፍስ ላለበት ቤት 160 ቀን ይበቃል። ይህን ያነሣሁት ወዳጄን ለማሳፈር አይደለም። ነገር ግን ከግቢው አጥር ውጭ ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው የሚያልፉ ልጆች አሉ፤ በሩ በተከፈተ ቍጥር ገንዳው ይታያቸዋል። በሰው አገር የሚነግድ ሰው ይህን ከሒሳቡ ውስጥ ማግባት አለበት ባይ ነኝ።

እንግዲያስ ከሁሉ የሚያንሰው ከሁሉ ይሻላል የሚል ሰው ይኖራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በገበያ ማጣሪያ የሌላቸው፥ 2,400 ሊትር የሚይዙ ትንንሽ ገንዳዎች አሉ። ማጣሪያ የሌለው ውሃ በዚያ ሙቀት በጥቂት ቀን ውስጥ ይለግማል፥ አረንጓዴም ይሆናል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ተደፍቶ እንደ ገና መሞላት ይኖርበታል። 2,400 ሊትር በሰባት ሳምንት 16,800 ሊትር ይሆናል። ይኸውም ርካሹ ገንዳ ሁለት ወር ሳይሞላ የመካከለኛውን ያህል ውሃ ጠጣ ማለት ነው። ማጣሪያና ፓምፕ ያለው ገንዳ ግን በደኅና ከተያዘ ያንኑ ውሃ ለብዙ ወር ያቈያል፤ የሚጨመርለት ፀሐይ የወሰደችውን ያህል ብቻ ነው። ውሃው በቀን 6 ሚሊሜትር ቢጐድል፥ ከመካከለኛው አምስት ጀሪካን፥ ከ3 ሜትር ከ66ቱ ሦስት ጀሪካን ያህል ይጠፋል፤ ሌሊትና ሰው በማይዋኝበት ሰዓት በሸራ ቢሸፈን ደግሞ ከዚህ በጣም ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ገዢው ከወርዱ ይልቅ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ማጣሪያው ይሁን። ምትክ ማጣሪያው በከተማው ይገኛል ወይስ ከካምፓላ ይመጣል? ፓምፑስ በምን ይሠራል? ትንሹ ፓምፕ በሰዓት 2,000 ሊትር ያህል ስለሚያዞር 6,500ውን ሊትር ከሦስት ሰዓት በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ያጣራዋል፤ የሚወስደውም ኤሌክትሪክ ከ100 ዋት በታች ስለ ሆነ በፀሐይ ኃይል መሣሪያ በቀን ሊሠራ ይችላል። ለዚህ ብሎ ጄኔሬተር አስነሥቶ ናፍጣ ማቃጠል ከንቱ ወጪ ነው።

ስለ ግድግዳው ዐይነት ብዙ አልናገርም። ጠርዙ በአየር የሚነፋው ርካሽ ነው፤ ግን አንድ የግራር እሾኽ ይበቃዋል። ከቆርቆሮ የሚሠራው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ በካምፓላና በኒሙሌ በኩል የሚመጣ ዕቃ ጭነቱ ምን ያህል እንደሚበላ ነጋዴ አንባቢዎቼ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የብረት አጥንትና ወፍራም ሸራ ያለው የመካከለኛውን መንገድ ይዟል፤ ምክሬም እርሱ ነው። ሲገዙ የሸራውን መለጠፊያና ሁለት ትርፍ የብረት ማያያዣ አብሮ መያዝ ይገባል፤ ከዕቃው ሁሉ ቀድመው የሚያልቁት እነዚህ ናቸውና።

መሬቱ ግን ቸል የሚባል አይደለም። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ቶን ይጫናል፤ የመካከለኛው ገንዳ በጠቅላላው ወደ 17 ቶን ይመዝናል። ስፍራው ያዘመመ እንደ ሆነ ውሃው ወደ ዝቅተኛው ወገን ገፍቶ እግሮቹን ያጣምማል፤ አንድ ቀንም ገንዳው ይዘረገፋል። ከዳር እስከ ዳር ያለው ልዩነት ከ2 ሳንቲሜትር ተኩል እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ለማስተካከል ሲባል ዝቅተኛውን በአፈር መሙላት ስሕተት ነው፤ የተሞላው አፈር ይሰጥማል። ከፍተኛውን ቈርጦ ማውረድ ይገባል። ጥቍር ሸክላ አፈር ባለበት ግቢ በዝናቡ ወራት፥ ማለት ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት፥ አፈሩ ያብጣል፤ በደረቁ ወራት ይሰነጠቃል። በዚህ ላይ ጠጠርና አሸዋ ደልድሎ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። ገንዳው ከማንጎ ዛፍ ሥር አይቁም፤ ጥላው መልካም ነው፥ ቅጠሉና ፍሬው ግን ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ከመጸዳጃው ጉድጓድና ከጭቃ ግንብም ይራቅ።

ቦቴው ያመጣው ውሃ ቢደፈርስ አያስደንቅም፤ የወንዝ ውሃ ነው። ኮሌራ በጁባ በ2014፥ በ2015 እና በ2016 ታይቷል፤ በ2024 መጨረሻም በዚያች አገር እንደ ገና ተነሥቷል። ልጅ ሲዋኝ ውሃ መዋጡ አይቀርም። ስለዚህ አስቀድሞ ድፍርሱ እንዲጠል ማድረግ፥ አስፈላጊ ሲሆንም በዓረብኛ ሸብ የሚባለውን ማጥለያ መጨመር ይገባል፤ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ክሎሪን ኃይሉን በጭቃው ላይ ይጨርሳልና። ከዚያም ውሃው ሰው ሳይገባበት ሁለት ቀን ይቈይ፤ የቢልሃርዚያ ትል ሰው ካላገኘ ከዚያ በላይ አይኖርም። ክሎሪኑ በአንድ ሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም መሆን አለበት። 65 ከመቶ ኃይል ያለው ዱቄት ከሆነ ለ6,500 ሊትር 20 ግራም ቢጨመር ልኩን በ2 ሚሊግራም ከፍ ያደርገዋል። ዱቄቱን በባልዲ ውሃ ላይ መነስነስ እንጂ በዱቄቱ ላይ ውሃ ማፍሰስ አይገባም፤ ከሌላ ዐይነት ክሎሪን ጋር መቀላቀልም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የጁባ ፀሐይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን ክሎሪን ስለምታጠፋው የሚጨመርበት ጊዜ ምሽት ነው፤ ልኩም ጠዋት ልጆች ከመግባታቸው በፊት በመለኪያ ወረቀት ይታይ። ገንዳው ሥራ በማይሠራበት ወራት ባዶውን ቆሞ ዝናብ እንዳያጠራቅም ተፈትቶ ይቀመጥ፤ የወባ ትንኝ ከዕንቍላል ተነሥታ ለመብረር አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይበቃታል።

ወደ ትርጉሙ ሥራ ልመለስ። በመመሪያው ውስጥ ብዙ ያለፋኝ አንድ ቃል ነበር፤ በገንዳው እግሮች ዙሪያ ከውጭ የሚታሰረውን የጨርቅ መታጠቂያ የሚገልጽ ነው። «ጠፍር» ብዬ ተረጐምሁትና አለፍሁ። በኋላ ግን ስለዚሁ ጠፍር ስመረምር ያገኘሁት ነገር እጄን አስቆመው። በሐምሌ 2025 የአሜሪካ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን ቁመታቸው 1 ሜትር ከ22 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ወደ 5 ሚሊዮን የሚደርሱ እንዲህ ያሉ ገንዳዎች እርማት እንዲደረግባቸው አስታውቋል። የሠሯቸው ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፤ ቤስትዌይ፥ ኢንቴክስና ፖሊግሩፕ። ምክንያቱ ያ ጠፍር ነው። ከእግሮቹ በውጭ በኩል ስለሚያልፍ ለሕፃን እግር እንደ መሰላል ደረጃ ሆኗል። ከ2007 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ከ22 ወር እስከ 3 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ዘጠኝ ሕፃናት በዚህ መንገድ ወጥተው ሳይሰጥሙ እንዳልቀሩ ኮሚሽኑ ገልጿል። የተሰጠው እርማት ጠፍሩን የሚተካ፥ በእያንዳንዱ እግር ላይ የሚጠመጠም ገመድ ነው።

ነጋዴዎች ሆይ፥ ይህን ልብ በሉ። ገንዳዎቹ ከ2002 ጀምሮ ሲሸጡ የቈዩ ናቸው፤ አሮጌ ዕቃ ደግሞ በርካሽ ተጠቅልሎ ወደ እኛ ገበያ መምጣቱ የተለመደ ነው። ሣጥኑን ከፍታችሁ ጠፍሩ በውጭ ያልፍ እንደ ሆነ ሳታዩ አትግዙ፥ አትሽጡም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መግለጫ በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነርሱም አራተኛው እጅ ገደማ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። የሚሰጥም ሕፃን አይጮኽም፤ በጓዳ ያለች እናት የምትሰማው ድምፅ የለም።

ለወዳጄ የጻፍሁለት ቍርጥ ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ወርዱ 3 ሜትር ከ66 የሆነውንና ማጣሪያ ያለውን ግዛ። ከውጭ የቆመ ሰው እጁን ዘርግቶ ልጁን ሊያነሣ የሚችለው በዚህ ነው። ነገር ግን 76 ሳንቲሜትር ለሦስት ዓመት ልጅ ግድግዳ አይባልም፤ ስለዚህ በአራቱም ወገን፥ የቤቱን ግድግዳ እንደ አንድ ወገን ሳትቈጥር፥ ከ1 ሜትር ከ20 የማያንስ የብረት አጥር አቁምለት። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፥ በራሱ የሚዘጋ፥ መቀርቀሪያውም ከሕፃን እጅ በላይ ይሁን። መሰላሉ ከዋና በኋላ ይነሣ፤ መጫወቻም በውሃው ላይ ተንሳፍፎ አይደር። ጠባቂው አንድ ሰው ይሁን፥ ስሙም የታወቀ፤ «ዘበኛው አለ፥ ሠራተኛዋም አለች» ከተባለ ማንም የለም ማለት ነው።

ወዳጄ በመልሱ ጥቂት ተቈጥቷል። አጥሩ ከገንዳው ዋጋ ይበልጣል ይላል፤ እውነቱን ነው፥ ይበልጣል። ነገር ግን በደብዳቤው ግርጌ ብረት በያጁ ሰኞ መጥቶ ልኩን እንደ ወሰደ፥ አጥሩ እስኪያልቅ ገንዳው በሣጥኑ እንደሚቀመጥ ጽፎልኛል። ልጆቹ እስከዚያው በሳፋ ውሃ ይራጫሉ፤ እናታቸውም አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች።